የወደቀ፣ የደረቀ

ኅዳር 3

የሣር አጨዳ ተራው የታችኛው ሰፈር ነበር። ሃያ ሦስት ሰው መጣ። ስም ጠራሁ፣ ምልክት አደረግኩ። ከብት ወደ ደኑ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሣሩ ወገብ ይደርሳል። አጭዶ ተሸክሞ መውረድ ነው። ወገቤን ያሉ ነበሩ፣ ግን ማንም ባዶውን አልወረደም።

ከሰዓት ቀፎዎቹን አየሁ። አንዱ ባዶ ሆኗል። ንቦቹ ጥለውት ሄደዋል... ለምን? ንብ ደብዳቤ ጽፋ አትሄድም።

የደኑ ጥበቃ ሲወርድ አገኘኝ። «ጸሐፊ፣ የላይኛው ጥግ ዛፎች ቅጠላቸው እየረገፈ ነው። አሥራ አንድ ቆጠርኩ።»

«በሽታ ይሆን?»

«እኔ ሐኪም ነኝ?»

መዝገቡ ላይ አሰፈርኩት። የላይኛው ጥግ የደን ማኅበራችን ከመቋቋሙ በፊት ከመጥረቢያ የተረፈው ብቸኛው ቦታ ነው። ማራችን የሚመጣው ከእነዚያ ዛፎች አበባ ነው።

ኅዳር 7

የደን ባለሙያዋ መጣች። ሦስታችን ወጣን፤ እሷ፣ ሊቀመንበሩና እኔ። ሊቀመንበሩ ጉልበቱን እየረገመ።

ባለሙያዋ አንዱ ዛፍ ሥር ተንበርክካ ግንዱ ላይ የተለሰነውን ጭቃ በጥፍሯ ፋቀችው። ከጭቃው በታች ቅርፊቱ ዙሪያውን ተልጧል፣ አራት ጣት ስፋት። ሁለተኛውም እንደዚያው። አሥራ አንዱም።

«በሽታው መጥረቢያ ይዞ ነው የሚዞረው» አለች። ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተላጠ ዛፉ ቆሞ ይደርቃል አለች።

ሊቀመንበሩ ግራ ገባው። «ሌባ ከሆነ ለምን ቆርጦ አልወሰደም? ምን ያስጠብቀዋል?»

ቁርጡን ጠጋ ብዬ አየሁት። ልጡ እንደ ቀበቶ እኩል የተቆረጠ ነው፣ የትም አልተዛነፈም። እንዲህ አድርጎ የሚቆርጥ እጅ አውቃለሁ። አልተናገርኩም።

ኅዳር 9

ታናሽ ወንድሜ ጋ ሄድኩ። አናጢ ነው፤ አልጋ እየሠራ ነበር። መላጊያውን አላስቀመጠም።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ። እንደዋዛ። «ምን አጠፋሁ? ደንቡ ይፈቅዳል።»

«የቱ ደንብ?»

«ተራ ቁጥር ሰባት። ‹የደረቀ እንጨት አባላት መውሰድ ይችላሉ።› ራስሽ አይደለሽ ያነበብሽልን?»

«የወደቀ ነው።»

«የደረቀ ነው፣ እታለም። ሄደሽ እዪው። እስኪደርቅ እየጠበቅኩ ነው፣ አንድም አልቆረጥኩም። እንደ እኔ ደንብ አክባሪ የት ታገኛላችሁ?»

«ጭቃውስ?»

መላጊያውን ማስኬድ ቀጠለ።

ቤት ገብቼ ማኅተም ያረፈበትን ደንብ አወጣሁ። የደረቀ ይላል። ዓይኔን አሸሁ። የደረቀ። ረቂቁን ከሣጥን ፈልጌ አወጣሁ፣ በእርሳስ የጻፍኩትን፣ ሰዉ እየተናገረ እኔ የከተብኩትን። የወደቀ።

ሁለት ፊደል።

ደንቡን በእስክሪብቶ የገለበጥኩበትን ቀን አስታወስኩ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ስለ እንጨት ሲያወራ፣ ሲያወራ... እርጥብ እንጨት በር ሆኖ እንደሚጣመም፣ የደረቀ ቢያገኝ ምን ምን እንደሚሠራ። የደረቀ፣ የደረቀ፣ የደረቀ። ጆሮዬ ለእጄ አቀበለው። ሌላ ምንም የለም። ግን ማን ያምነኛል?

ኅዳር 12

ወንድሜ መጣ። ረቂቁን አሳየሁት፤ አይቶ እናቴ አጠገብ ተቀመጠ።

«ረቂቁን ሌላ ማን አይቶታል?»

«ማንም።»

«በቃ ታዲያ።»

እናቴ ምስር መልቀሟን አላቋረጠችም። «ከማኅበሩ ካስወጡት ላሚቱ ምን ልትበላ ነው? ሚስቱ ደግሞ ወሯ ገብቷል» አለች። ለእኔ አላለችም፣ ለምስሩ ነው ያለችው።

ረቂቁን ምድጃ ውስጥ መጣል ቀላል ነው። አንድ ወረቀት ነው። ግን ቁጥር ሰባት እንዳለ ከቀረ በዓመቱ ስንት ዛፍ ልጡን ተገፎ ይቆማል? መጥረቢያ የሌለው ቤት የለም።

ፈራሁ። ስለ ዛፍ ብቻ አይደለም የፈራሁት፤ ስለ ስሜ ነው።

ኅዳር 16

ስብሰባ። ቆርቆሮው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ።

ወንድሜ ተነስቶ «ዛፎቹን የላጥኩት እኔ ነኝ» አለ። ጉምጉምታ ሆነ። «ቆይ፣ ጸሐፊዋ ቁጥር ሰባትን ታንብብ።»

አነበብኩ። የደረቀ።

ሊቀመንበሩ አንገቱን አሰገገ። «እንዲህ ነበር እንዴ የተስማማነው?» ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ዓመት አልፎታል፣ ማን ቃል በቃል ያስታውሳል? ከኋላ አንዲት ቀፎ ያላት ሴትዮ «እንግዲያው እኔም ነገ መጥረቢያዬን ልሳል» አለች። ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ረቂቁን ከመዝገቡ ውስጥ አወጣሁና እሱንም አነበብኩ። የወደቀ።

ሊቀመንበሩ ሁለቱንም ወረቀት ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አስጠጋቸው። «የትኛው ነው ያንቺ ጽሑፍ?»

«ሁለቱም።»

«ለወንድሟ ብላ ነው!» አለ አንዱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። ስህተት ነው አልኩ፣ የእጄ ስህተት። ስለ ጆሮዬ ብነግራቸው ማን ይሰማኛል?

ውሳኔ፦ ደንቡ ይታረም። ጸሐፊዋ ትነሳ። አናጢው ጭቃ የለሰነው ጥፋት መሆኑን ስላወቀ ነው፤ ለአንድ ዓመት ከማኅበሩ ይታገድ፣ ሣርም ቀፎም የለውም።

ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። የመጨረሻዬ። ወንድሜ ሲወጣ ዞር ብሎ አላየኝም።

ኅዳር 17

ምንም።

ታኅሣሥ 20

ስም ወጥቶልኛል። «ወይዘሮ ደረቅ»። ሣር አጨዳ ላይ ፊት ለፊት ይጠሩኛል። አቤት እላለሁ፣ ምን አደርጋለሁ?

ከድርሻዬ ግማሹን ሸክም ወንድሜ አጥር ላይ ጥዬ አልፋለሁ። እሱ አይነካውም። ላሚቱ አንገቷን አስግጋ ትበላዋለች። እሷ አላኮረፈችኝም።

ሚስቱ ሴት ልጅ ወልዳለች። የሰማሁት ከእናቴ ሳይሆን ከጎረቤት ነው። አመመኝ።

ሚያዝያ 11

ባለሙያዋ ከጤነኛ ዛፍ ቀንበጥ እየቆረጠች በተላጠው ላይ እንደ ድልድይ ማሻገር ጀምራለች። የቅጠሉ ምግብ በዚያ ወደ ሥሩ ይወርዳል አለች። ስለታም ቢላና የማይንቀጠቀጥ እጅ ያለው ሰው ፈለገች። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

ወንድሜ ሳይጠራ መጣ። ሦስት ቀን ሠራ። እኔ ቀንበጥ አቀብል ነበር። «ያዢ»፣ «ልቀቂ»... ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ነሐሴ 2

ከአሥራ አንዱ አራቱ አቆጠቆጡ። ሰባቱ ደርቀዋል። እንዳይነኩ ተባለ፣ ራሳቸው እስኪወድቁ።

ኅዳር 19

እገዳው ካለቀ ሦስተኛ ቀኑ። ትናንት ኃይለኛ ነፋስ ነበር።

ጠዋት በር ተንኳኳ። ወንድሜ፣ ባርኔጣውን አውልቆ። ደጄን ከረገጠ ዓመቱ ነው።

«እታለም፣ ከሰባቱ አንዱ ወድቋል። መጥተሽ እዪልኝ።»

«ጸሐፊዋን ጥራ። እኔ ተነስቻለሁ።»

«እሷም ትመጣለች። መጀመሪያ አንቺ እንድታዪው ነው የፈለግኩት።»

ወጣን። መንገድ ላይ ስለ ልጁ አወራኝ፣ ጥርስ ማውጣቷን፣ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ወጥታ መጮኋን። ሰምቼ አልጠግብ አልኩ።

ዛፉ ተዘርሯል። ዙሪያውን ዞርኩ። ሥሩ አፈሩን እንደያዘ ተነቅሏል። የመጥረቢያ ምልክት የለም፣ የገመድም። እሱ ራቅ ብሎ ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል። ተማሪ ሆኖ ደብተሩን ሳርምለት እንደዚሁ ነበር የሚቆመው።

«በራሱ ነው» አልኩት።

ትንፋሹን ለቀቀ። «በይ ጻፊው።»

«ተነስቻለሁ አልኩህ እኮ፣ መዝገብ የለኝም።»

«የራስሽ ደብተር ላይ ጻፊው። ለራስሽ እንደምትጽፊ አላውቅም እንዴ?»

እየጻፍኩ ነው። አጠገቤ ተቀምጧል፣ ከእንጨቱ ለልጁ አልጋ እንደሚሠራ ያወራል፣ ያወራል። ዝም በል አልኩት። ዝም አለ።

የላይኛው ጥግ፣ አንድ ዛፍ፣ የወደቀ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት።