የኋላው ጎማ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት ነው? ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐኪሙ ቀና ብለህ እንድትቀመጥ ፈቀደልህ ወይስ አሁንም ጣሪያ እያየህ ነው የምትውለው? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። እማዬም ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ለሚመጣው ሁሉ ሻይ ታፈላለች። ክረምቱ ዘንድሮ ከሸለቆው አልወጣ ብሎ ቆይቶ አሁን ገና ለቀቀን።

ለአባዬ ቀብር መምጣት ባለመቻልህ ማንም አልወቀሰህም። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። የብስክሌት ክለቡ ሽማግሌዎች ሁሉ የድሮ ሹራባቸውን በኮታቸው ሥር ለብሰው መጡ፤ ግማሾቹ በከዘራ ነው የሚሄዱት።

በስልክ የጠየቅከኝን አልረሳሁትም። እማዬ አጠገቤ ቆማ ስለነበር ነው ወሬ የቀየርኩብህ። «ጎማውን ማን ገጠመለት?» ነበር ያልከው። የማውቀውን ልጻፍልህ፤ የቀረውን አንተ ትደርስበታለህ።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ አንተ ሩቅ ስለሆንክ ነገሩን በቁርጥራጭ ነው የሰማኸው። አባዬ ባለፈው መስከረም በብስክሌቱ ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀር፣ ተራራውን ተሻግሮ ሮችዴል ከተማ ከአንድ ነዳጅ ማደያ አገኘነው። ሠራተኛዋን ወደ ምንጣፍ ፋብሪካው የሚወስደው መንገድ በየት ነው እያለ ይጠይቃታል። ፋብሪካው ከፈረሰ ስንት ዘመኑ! ያየችው ሐኪምም ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ መንዳት አይችልም አለች። አባዬ ሰምቶ ሲያበቃ «ታዲያ ምን ልሁን?» አላት።

ቤት ውስጥ ይንዳ የሚለው ሐሳብ የመጣው ያኔ ነው። አንተ ስማርት ብስክሌት የሚሉት የስፖርት ማሽን ይሻላል አልክ። እውነትህን ነበር፣ ዛሬም ሐሰት ነው አልልም። ራሱን የቻለ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ኮርቻውና መሪው ለማንም ቁመት ይስተካከላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከቤት አይወጣም። ሃሊፋክስ ወዳለው የብስክሌት ሱቅ ወሰድነው። ባለ ሱቁ ጋርዝ፣ የአባዬ የክለብ ጓደኛ ልጅ፣ አክብሮ ተቀበለን። «እማማ ኔስታም ሊነዱት ይችላሉ» ሲል፣ እማዬ «እኔ ስነዳ የኖርኩት እሱን ነው፤ እሱም አልነዳ ብሎኛል» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

አባዬ ወጣበት። ትንሽ ፔዳሉን ረገጠና ጎንበስ ብሎ ከታች ፈለገ።

«ጎማው የታለ?»

«ጎማ የለውም፣ ጋሽ ሄድሊ» አለው ጋርዝ።

«እንግዲያው ወንበር ነዋ! ወንበር ቤቴ ሞልቷል።»

ከዚያ ጋርዝ «ተርቦ» የሚሉትን መንጃ ማሽን አሳየን። ቀላል ነገር ነው፤ የራስህን ብስክሌት የኋላ ጎማ ትፈታና ብስክሌቱን እሱ ላይ ትሰካዋለህ፣ ካቴናው ከማሽኑ ጥርስ ላይ ይገባል። አባዬ እሱንም አልወደደውም። ግን አረንጓዴውን ብስክሌቱን ከመኪናው አውርደው ሲሰቅሉለት፣ ኮርቻውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ወጣበት። ያን ጊዜ እማዬ እጄን ያዘችና «የራሱን ይንዳ፤ የራሱ የሆነ ነገር ከዚህ ሌላ ብዙም አልቀረው» አለችኝ። ስደውልልህ ተቆጣህ። «ከተርቦው ላይ ነቅሎት ለመውጣት ደቂቃ አይፈጅበትም» አልክ። ስለዚህ የተፈታውን ጎማ ጎረቤታችን ሳትክሊፍ የጓሮ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቆለፈበት። ቁልፉ የት እንደሚንጠለጠል ከሳትክሊፍ ሌላ የምታውቀው እማዬ ብቻ ነበረች።

የመጀመሪያዎቹ ወራት መልካም ነበሩ ብልህ እንዳትገረም። ብስክሌቱን በፊት ለፊቱ መስኮት ተከልነው። ጠዋት ጠዋት የሚያልፍ ሁሉ እጁን ያወዛውዝለታል። ከማሽኑ ጋር በተሰጠን ስክሪን ላይ የሚታየውን የባዕድ አገር ተራራ ግን ናቀው፤ «ነፋስ የሌለው ዳገት ምን ዳገት ነው?» እያለ ያጠፋዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ይነዳና «የት ደረስኩ?» ይላታል እማዬን። እሷም ድንች እየላጠች «ክራግ ቬል ዳገት ገብተሃል፣ ከድልድዩ በላይ ነህ» ትለዋለች። «ገና ነኛ» ብሎ አንገቱን ይደፋል።

ከገና በኋላ ነው የከፋው። ጎማውን መፈለግ ጀመረ። ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሣጥን፣ ከምድጃው ውስጥ ሳይቀር። «ሌባ ነሽ!» ይላታል። የገዛ ኔስታውን፣ ወንድሜ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከእሷ ጋር ሲኖር ክፉ ቃል ያልወጣውን ሰው ታውቀዋለህ። አንድ ቀን ስሄድ በቤት ውስጥ ረጅም እጅጌ ለብሳ አገኘኋት። እጅጌውን ገፋ ሳደርገው ክንዷ በልዞ ነበር። «ደረጃ ላይ ተንሸራትቼ ነው» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን እሱን ነበር የሚጠብቀው፣ እንዳይሰማ።

የካቲት ላይ ምናልባት ቢያረጋጋው ብዬ የእኔን ብስክሌት ጎማ ፈትቼ ግጠምልኝ አልኩት። የስንቱን የመንደር ልጅ ብስክሌት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። መሬት ተቀመጠ፣ ጎማውን ጭኑ ላይ አጋደመ፣ ካቴናውን በሁለት ጣቱ ይዞ ቆየ። ከየት ወደየት እንደሚያስገባው ጠፋው። ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እማዬ ከበሩ ቆማ አየችው።

ከዚያ ወዲያ ነው የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ያነጋገርነው። ደግ ሰዎች ናቸው። ቦታ ተገኘ፣ ሰኞ ይምጣ አሉ። እማዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፤ ብስክሌቱን ይዞ ቢመጣስ? አስተዳዳሪዋ አዝና፣ ክፍሎቹ ጠባብ ስለሆኑ፣ ሌላም ሰው እንዳይጎዳበት እንደማይቻል ነገረቻት። እማዬ አልተከራከረችም። ሻንጣውን አዘጋጅታ በልብሶቹ አንገት ላይ ስሙን ሰፋች።

ቅዳሜ ጠዋት ደወለችልኝ። ሰማዩ ጠርቷል፣ መንገዱ ደርቋል። «አባትሽ ወጥቷል» አለችኝ፤ ዝናብ አባርቷል እንደማለት። በርሬ ስደርስ ወጥ ቤት ቆማ እጇን ትታጠባለች። ሳሙናው ላይ ስኳር ነስንሳ፣ አባዬ ግራሶ ሲያስለቅቅ እንደሚያደርገው፣ ጥፍሯን በብሩሽ ትፈትጋለች። ውሃው ጥቁር ነበር። እኔ ፎጣ አቀበልኳት። ሳትክሊፍም ከተከፈተው ዕቃ ቤት ደጃፍ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል።

አባዬን ያገኘችው ፖስታ አዳይዋ ናት፣ ክራግ ቬል ዳገት ሊያልቅ ሲል። ብስክሌቱን በሥርዓቱ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ከድንጋይ አጥሩ ጋር አስደግፎ፣ ራሱም አጠገቡ ተደግፎ ተቀምጧል። ልቡ ነው ብለዋል ሐኪሞቹ፤ ሕመሙም ብዙ አላቆየውም ብለዋል። የራስ ቁሩ ታስሯል፣ ጃኬቱ እስከ አንገቱ ተዘግቷል፣ ጫማው ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። በጀርባ ኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ የማርማላታ ዳቦ ነበረው፤ ዳር ዳሩ ተቆርጦለታል፣ ጠርዙን መዋጥ አቅቶት ስለነበር። ግማሹን በልቶታል።

ፖሊሷ ወጣት ናት፣ ትሁት። እማዬ ፎቅ ተኝታ ሳለ፣ እንዲህ የታመመ ሰው ጎማውን እንዴት እንዳገኘውና እንደገጠመው ጠየቀችኝ። «ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት እጅ አይረሳም» አልኳት። ጻፈችው። አንተንም ደውለው ከጠየቁህ ይህንኑ በላቸው። እጁ አይረሳም ነበር።

በዚህ ነገር ከአንተ ጋር መጣላት አልፈልግም። የመረጥከው ቢገዛ ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር፤ ይህን ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም። እማዬም ታስበዋለች። ግን ስትደውልላት እንቅልፍ ወሰደሽ ወይ፣ በላሽ ወይ በላት እንጂ ስለ ጎማው አትጠይቃት። እለምንሃለሁ።

አስከሬኑን አይቼ ስመለስ እሷም አንዲት ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ። ተሰቃየ ወይ አላለችም፣ ፈራ ወይ አላለችም። «ብስክሌቱ ፊቱ ወዴት ነበር?» አለችኝ። «ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ቤት?»

ወደ ቤት ነበር አልኳት።

አንተንም አንድ ቀን መጠየቋ አይቀርም። እኔ የነገርኳትን ንገራት።

እግዚአብሔር ወገብህን ያጽናልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ለእኛም በጤና ያብቃህ። እማዬ ሳሚልኝ ብላኛለች።

አንተን የምትወድህ
እህትህ