በእናቴ መታጠቢያ ቤት ጉዳይ የሰጠሁት ቃል

ቀን፦ ኅዳር 18

ለሸማቾች ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ እህቴ በቤት እድሳት ተቋራጭ ላይ ያቀረበችው ቅሬታ የተዘጋው በእኔ የሐሰት ቃል ስለሆነ፣ ቃሌ ተሰርዞ መዝገቡ እንደገና እንዲታይ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

አመልካች በአንድ የወረቀት መጋዘን ዕቃ ያዥ ነኝ። ሥራዬ መረከብና ማስረከብ ነው። ያላየሁትን ካርቶን፣ ያልቆጠርኩትን ጥቅል «ተረክቤያለሁ» ብዬ ፈርሜ አላውቅም፤ በዚህም አለቆቼ ያምኑኛል። በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ፊት ግን የጎደለውን ሥራ ሙሉ ነው፣ በጆሮዬ የሰማሁትንም አልሰማሁም ብዬ ፈርሜያለሁ። ይህ ማመልከቻ በሌላ ሰው ላይ የቀረበ ቢመስልም ግማሹ በራሴ ላይ የቀረበ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በሥርዓት መጻፍ ስለከበደኝ ከአጻጻፍ ወግ የወጣሁበት ቢኖር በትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

1. እናቴ ከደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ የሚንቀሳቀሱት ባለ አራት እግር መደገፊያ ይዘው ነው። ሐኪማቸው ባኞው እንዲነሳ፣ ወለሉ ያለ እርከን እንዲስተካከል፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር መደገፊያውን በሚያሳልፍ መጠን እንዲሰፋ መከረን። ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሰው ጠርታ፣ ዋጋ ጠይቃ፣ ከራሷ አውጥታ ልታሠራ የተነሳችው እሷ ናት። እኔ ታላቅየው የጨመርኩት ምክር ነው። ምክሬም ምን እንደሆነ ቀጥሎ ይታያል።

2. ሁለት ፕሮፎርማ መጣ። አንደኛው አንድ አዛውንት ተቋራጭ ያቀረቡት ሲሆን በሩ ለብቻ፣ ወለሉ ለብቻ፣ ሴራሚኩ ለብቻ ተጽፎ ዋጋውም ጠንከር ያለ ነበር። ሁለተኛው የባለቤቴ ወንድም ያቀረበው ነው፤ ሠራተኞቹ በሌለበት «ነገ ያልቃል» እያሉ የሚጠሩት ሰው ነው። የእሱ ፕሮፎርማ አንድ መስመር ብቻ ነበረው፦ «የመታጠቢያ ቤት እድሳት፣ ሙሉ።» ዋጋውም ከሌላው በሲሶ ያንሳል። እህቴ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ የቀረ ነገር መስሏት ነው። ከዚያ «ሙሉ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችው። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜ ነበር። እሱም «ሙሉ ማለት ሙሉ ነዋ፣ እህቴ። በሩም፣ ወለሉም፣ ሴራሚኩም» አላት። እሷ አሁንም አመነታች። ርካሽ ነገር ኋላ ያስከፍላል ብላ አዛውንቱን መምረጥ ፈለገች። «ሥጋችን አይደለም እንዴ፣ ለእናታችን ብሎ እኮ ነው የቀነሰው» ብዬ ያግባባኋት እኔ ነኝ።

3. ክቡርነትዎ፣ ያን ጊዜ የማውቀውን አልነገርኳትም። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ይኸው አማቼ ቤቴ ምሳ ሲበላ ስለ ሥራው ስንጨዋወት፣ «የመጀመሪያው ዋጋ መግቢያ ነው። ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ ማን ያስወጣኛል?» ብሎ ነበር። ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ያኔ ስለ ሌላ ሰው ግድግዳ የሚያወራ መስሎኝ ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን የእናቴን ቤት ለክቶ የመጣው ዕለቱን ጠዋት ነው።

4. ሥራው በተጀመረ በሳምንቱ ባኞው ተነቅሎ፣ ግድግዳው ተልጦ፣ ወለሉ ተፈልፍሎ ሳለ አዲስ ዋጋ መጣ። የፍሳሽ ቧንቧው በስብሷል፣ ወለሉ ወደ ታች መቆፈር አለበት፣ በሩን ማስፋትና ሴራሚኩ ደግሞ በመጀመሪያው ሂሳብ ውስጥ አልነበሩም ተባለ። የተጠየቀው ከመጀመሪያው ከእጥፍ በላይ ነው፤ ዞሮ ዞሮ አዛውንቱ ካቀረቡት እጅግ የበለጠ ሆነ። እህቴ ከከፈልኩት በላይ አልከፍልም አለች። እሱም ሠራተኞቹን ሰብስቦ ወጣ። የሽንት ቤት መቀመጫው ውሃ ይሠራል። ከዚያ በቀር ወለሉ ሸካራ ሲሚንቶ ነው፣ ሻወሩ ሲከፈት ውሃው ወደ ፍሳሹ መሄዱን ትቶ ወደ ኮሪደሩ ይወጣል፣ በሩም እንደ ጥንቱ ጠባብ ነው። ቧንቧውን በተመለከተ ራሱን ለብቻው ጠይቄው ነበር። «ቧንቧውማ እኔንም አንተንም ይቀብራል» አለኝ። ይህንንም ለእህቴ አልነገርኳትም።

5. እህቴ ለክቡር ጽሕፈት ቤትዎ አመለከተች፤ የተጻፈ ዝርዝር ስላልነበራት ምስክር አድርጋ የጠራችው እኔን ነው። በቀጠሮው ቀን ጉዳዩን ለያዙት ባለሙያ «ወንድሜ እዚያው ቆሞ ነበር፤ እሱን ይጠይቁት» ብላ እፎይ እንዳለች ሰው ወንበሯ ላይ ተደገፈች። ባለሙያዋ ተቋራጩ ስለ በሩና ስለ ሴራሚኩ የተናገረውን ሰምቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልሰማሁም አልኩ። አልፌም የመጀመሪያው ዋጋ ግምት ብቻ እንደነበረ፣ ለተከፈለው ገንዘብ የሚገባው ሥራም እንደተሠራ ተናግሬ ሥራውን መረከቤን በፊርማዬ አረጋገጥኩ።

ለምን እንዳደረግሁት እጽፋለሁ፤ ምክንያት እንጂ ማስተባበያ ሆኖ እንዳይያዝልኝ እለምናለሁ። ከቀድሞ ሥራዬ በተቀነስኩ ጊዜ ቤቴን ደግፎ ያቆመው ይኸው አማቼ ነው። የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ ሳይጠየቅ ከፍሏል፤ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ከቀጠሮው በፊት በነበረው ቀን ግን ደውሎ «መቼም አንተ የበላህበትን ወጪት አትሰብርም» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። የማን ወጪት እንደሰበርኩ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራኝ «ጋሼ» ብላ፣ የምታናግረኝም አንተ እያለች ነው። ቃሌን ሰጥቼ ስጨርስ ቦርሳዋን አንስታ፣ ባለሙያዋን አመስግና ወደ እኔ ዞረችና «እርስዎ ይቆያሉ ወይስ ይወጣሉ?» አለችኝ። በዚህች አንዲት «እርስዎ» ከቤተሰብ ወጣሁ።

6. ከዚያ በኋላ ባለሙያዋ ቤቱን ለማየት መጥተው እናቴን በመታጠቢያ ቤቱ መገልገል ይችሉ እንደሆነ ጠየቋቸው። እናቴ አጠገባቸው የቆምኩትን እኔን አይተው «ልጄ ያለው ልክ ነው። እኔ ተመችቶኛል» አሉ። መዝገቡ ተዘጋ። በውሳኔው ደብዳቤ ላይ ቅሬታው «መሠረት የሌለው» ተብሏል። እህቴ ያን ቃል ተሸክማ ሄደች።

7. ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ለእናቴ ጋዝ ላደርስ በእኩለ ቀን ሳልደውል ቤታቸው ሄድኩ። የውጭውን በር በራሴ ቁልፍ ብከፍተውም የወጥ ቤቱ በር አልገፋ አለኝ፤ ከውስጥ ወንበር ተደግፎበታል። እናቴ «ቆይ ልጄ፣ ገላዬን እየታጠብኩ ነው» አሉኝ። ጋዙን አስቀምጬ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ውሃ በጆግ እየተቀዳ ሲፈስ፣ ሳፋው ወለሉ ላይ ሲንኳኳ፣ እናቴ አንዱን እግራቸውን ለማንሳት ትንፋሻቸውን ሲይዙ ይሰማል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ጠጉራቸውን እንኳ ሰው ፊት ሳያበጥሩ የኖሩ ሴት፣ በምድጃና በዕቃ ማጠቢያ መካከል ራቁታቸውን ተቀምጠው ነበር። ልግባና ልርዳ እንዳልል ወንድ ልጅ ነኝ፤ የምትረዳቸው ሴት ልጃቸው ደግሞ ያን ቤት የምትረግጠው እኔ እንደሌለሁ ስታረጋግጥ ብቻ ሆኗል።

ለብሰው ሲወጡ ባለሙያዋን ለምን ተመችቶኛል እንዳሏቸው ጠየቅኋቸው። ፎጣቸውን ወንበሩ ላይ እያሰጡ እንዲህ አሉኝ፦ «ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ። ከሁለት አንዳችሁ ውሸታም መባሉ ላይቀር፣ እሷ ትችለዋለች ብዬ ነው። አንተ አትችለውም።»

ክቡርነትዎ፣ እናቴ ያዳኑኝ መስሏቸው ነው። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ፍርድ ተፈርዶብኝ አያውቅም።

8. ለባለቤቴ ነገርኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር፤ የያዘችውን አንሶላ አጥፋ ጨረሰች። ወንድሟ ነውና ይከፋታል ብዬ ነበር። «ወንድሜን ክሰሰው አልልህም፤ አትክሰሰውም አልልህም» አለች። «እናትህን ግን ለእሱ ብለህ ከሆነ እንዲህ ያደረግኸው፣ እኔን ምክንያት አድርገህ እንዳታወራ።» በማግስቱ ሄዳ እናቴን ከነመደገፊያቸው ወደ እኛ ቤት አመጣቻቸው። አሁን የሚታጠቡት በእኛ ቤት ነው፤ ጀርባቸውን የምታሸው እሷ ናት። ወንድሟ ከዚያ ወዲህ ስልኳን አያነሳም።

9. ይህን ማመልከቻ ከመጻፌ በፊት፣ በጎ ፈቃድ ካለው ብዬ አማቼን ፍለጋ አሁን ወደሚሠራበት ቤት ሄጄ ነበር። ገና የተጋቡ የሚመስሉ ባልና ሚስት ፊት ቆሟል። ወጥ ቤታቸው ፈርሶ አሸዋ ሆኗል። «ቧንቧው በስብሷል፤ እኔ ላይ ደረሰ እንጂ የማንም ጥፋት አይደለም» እያላቸው ነበር። ልጅቷ ባሏን ታያለች፣ ባሏ አሸዋውን ያያል። ብቻውን ሳገኘው የእናቴን በር አስፍቶ ወለሉን ብቻ እንዲያስተካክል፣ የሚጎድለውንም ቀስ እያልኩ እኔ እንደምከፍለው ለመንኩት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጉዳዩ ተዘግቷል እኮ። የዘጋኸው አንተ አይደለህ?» አለኝ። ለእነዚያ ባልና ሚስት ምንም ሳልነግራቸው ወጣሁ። እስከ መንገዱ ማዶ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ በእናቴ ቤት የሆነውን ነገርኳቸው። አማቼ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላቴ ነው፤ ውለታው ግን እዳ ሆኖ አንገቴ ላይ እንዳለ አለ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርልኝም።

10. በመጨረሻ እህቴ ቤት ሄድኩ። በሩን በግማሽ ከፍታ፣ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ቆማ ሰማችኝ። አላቋረጠችኝም። የእናታችንን ቃል ስነግራት ፊቷን ወደ ውስጥ መለሰች፤ ምን እንደተሰማት አላየሁም። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር ግን በእጇ አስቆመችኝና «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እኔማ ድሮም እውነቱን አውቃለሁ። የዋሸኸው እዚያ ነው፤ ሄደህ እዚያ ተናገር» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። በኃይል ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ መጥቻለሁ። ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው የሚከተለውን ነው።

ሀ. ሥራውን ተረክቤያለሁ በማለት የሰጠሁት ቃልና ፊርማ እንዲሰረዝና መዝገቡ ተከፍቶ የእህቴ ቅሬታ እንደገና እንዲመረመር፤ በተራ ቁጥር 2፣ 3 እና 4 የጻፍኩትንም በፈለጋችሁት ቀን ተቋራጩ ፊት ቀርቤ ለመመስከር ዝግጁ ነኝ።

ለ. የተፈለፈለው ወለል እንዳለ ነው፤ ምንም ሳይነካ የፍሳሽ ቧንቧውን የሚያውቅ ገለልተኛ ባለሙያ መጥቶ እንዲያየው። አዛውንቱ ተቋራጭ ሥራውን ለመቀበል ተስማምተዋል፤ ሆኖም «መጀመሪያ ይታይ፣ በኋላ እኔም ሸፈንኩ እንዳልባል» ብለው የእናንተን ባለሙያ እየጠበቁ ነው።

ሐ. በሐሰት ምስክርነቴ ሕግ የሚያዘውን ቅጣት ያለ ክርክር እቀበላለሁ። እናቴ የሰጡት ቃል ግን የእናት ቃል እንጂ የምስክር ቃል እንዳልሆነ ታይቶ፣ እንደገና ተጠርተው እንዳይጠየቁና በእኔ ጥፋት ፊት ለፊት እንዳይቆሙ።

መ. ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምለምነው፣ ቅሬታው እውነት ሆኖ ሲገኝ «መሠረት የሌለው» የሚለው ቃል መነሳቱ በጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ተጽፎ በቀጥታ ለእህቴ፣ በልብስ ስፌት ቤቷ አድራሻ እንዲላክላት ነው። ግልባጩ ለእኔ ባይደርሰኝ ቅር አይለኝም። ደብዳቤው በእኔ እጅ እንዲደርሳት ግን እንዳይደረግ፤ ከእኔ እጅ የሚመጣ ወረቀት አሁን እሷ ዘንድ ክብደት የለውም።

ዘግይቼም ቢሆን እንድናገር ጊዜዎን ስለሰጡኝ እያመሰገንኩ፣ አንገቴን ከደፋሁበት ቦታ፣ ከሰላምታ ጋር፣

ፊርማ ____________

የቅሬታ አቅራቢዋ ታላቅ ወንድም