የአባባ ምናለ የበለስ መልቀሚያ

ለተከበሩ እማማ ታንጉት፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? የጎንደር ክረምት በረታ ወይስ እንደ እርስዎ ቁጣ ነጎድጓዱ ብቻ ነው? እኛ ደህና ነን። ወንድምዎም እስካሁን ደህና ናቸው፤ የምጽፍልዎ ግን ስለዚችው «እስካሁን» ነው።

ከአድ ሃሎም ባቡር ጣቢያ ወዲያ፣ ከሐዲዱ ማዶ በለስ በስሏል። አባባ ምናለ በድልድይ መዞር የሽማግሌ ነው ይላሉ፤ ሰማንያ አንድ ዓመት እንደሞላቸው ማን ይንገራቸው! ጆሯቸውን ሐዲዱ ላይ ለጥፈው ባቡር አለመምጣቱን ያጣሩና ይሻገራሉ። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ባቡሩ አይደለም። ዘንድሮ ከሐዲዱ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተዘርግቷል፤ ሃያ አምስት ሺህ ቮልት። ባቡር ኖረም አልኖረም አያርፍም፤ ሳይነኩትም የተጠጋውን ዘሎ ይይዛል። እሳቸው ደግሞ ለዳስ በዓል የምንተክለውን ረጅም ብረት፣ በለሱን ሊለቅሙበት ጫፉ ላይ ጣሳ አስረውበት፣ እንደ ባንዲራ አቁመው ከሥሩ ያልፋሉ። ስነግራቸው «ሽቦው ላይ እርግብ ተቀምጣ የለም ወይ? ከእርግብ አንሼ ነው?» አሉኝ። የእርግቧ እግር መሬት አይነካም ብላቸው «ታዲያ ጫማ ለምን አደረግሁ?» አሉ።

እናቴ ከምኵራብ ሁለት ሽማግሌ ላከችባቸው። ሽማግሌዎቹ አንዱ በለስ የሞላ ባልዲ፣ አንዱ ብረቱን ተሸክመው በሐዲዱ ላይ ተመለሱ። እሾሁን ከጣታቸው የነቀልኩት እኔ ነኝ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ድምፅዎን አስመስዬ ደወልኩላቸው። ሳልኩ፣ አቃሰትኩ፣ «እባክህ ወንድሜ፣ በሐዲድ አትሂድ» ስል «ታንጉት በዕድሜዋ እባክህ ብላኝ አታውቅም! ኦዴል፣ ስልኩን ለእናትሽ ስጫት» አሉ። ከዚያ ወዲህ እርስዎ ራስዎ ቢደውሉም «ኦዴል ናት» ብለው ይዘጋሉ። ባለፈው ዓርብ የዘጉብዎ ለዚህ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

ማክሰኞ ተከተልኳቸው። ብረቱ ወደ ሽቦው ሲቀርብ፣ ትኩስ ዘይት ላይ ጠብ እንዳለ ውሃ ሲንጣጣ ሰማሁ። ስጮህ ዞረው እጃቸውን አወዛወዙልኝ፤ ብረቱን በያዙበት እጅ።

እማማ፣ አፈር ልሁንልዎ፣ በወረቀት ይዘዟቸው። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልዎ የእናቴ ጓደኛ ሺፍራ በሁለት ሳምንት ትመለሳለች፤ መልሱን ለእሷ ይስጧት። ጣትዎን ቀለም ውስጥ ነክረው ያሳርፉበት። «እባክህ» እንዳይገባበት፤ ስድብ ይብዛበት። እርስዎን ካልፈሩ ማንንም አይፈሩም።

አክስቴን አገሬን ይሳሙልኝ። ልጇ አምባቸው በሬዲዮ ጥገናው ገፍቶበታል ወይ? ሽቦ ሲነካ ይጠንቀቅ ይበሉልኝ። እናቴ እጅ ነስታለች። ወንድምዎም ሰላም ብለውዎታል ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ብረቱን አልጋዬ ሥር ደብቄው ነበር፣ አሁን ሳይ የለም። እሳቸውም የሉም።

ልሩጥ።

የወንድምዎ የልጅ ልጅ ኦዴል
አሽዶድ፣ ሮቫ ዳሌት
ነሐሴ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.