ጣሪያችንን ከወንድሜ ኮከቦች ስላዳኑልን

ለክቡር የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣

ጤናዎ እንደ ሥልጣንዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ስብሰባዎቻችን የረዘመ ይሁን እያልኩ፣ እኔ የላይኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ ምስጋናዬን በጎረቤት ሁሉ ፊት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ። ታላቅ ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ፣ ጭነቱ ላይ ተጋድሞ ኮከብ እያየ የሚያድር ሰው ነበር። ወገቡ ከተሰበረ ወዲህ ግን የሚያየው የክፍሉን ኮርኒስ ብቻ ሆነ። ደረጃ መውጣት ስለማይችል ሰማዩን በፎቶ ላወርድለት ተነሣሁ። የሰማይ ፎቶ ማንሻ ዕቃ የሸጠልኝ ነጋዴ፣ ጀማሪ ሁሉ ለትልቅ ቴሌስኮፕ ሲስገበገብ መቆሚያውን እንደሚረሳ፣ ሰማይ ግን ስለሚዞር አብሮት የሚዞርና ነፋስ የማይነቀንቀው ከባድ መቆሚያ ከሌለ ፎቶ የሚባል ነገር እንደማይገኝ መከረኝ። ስለዚህ ቴሌስኮፑን አሳንሼ መቆሚያውን አከበድኩ። እርስዎም ገና ጣሪያው ላይ ሳቆመው፣ ሕንፃውን ይሰነጥቃል ብለው በዘበኛው አስወርደው መጋዘን ቆለፉበት። ጣሪያችን ስለተረፈ እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምክርዎ። ቀለል ያለ የካሜራ እግር ይበቃሃል ባሉኝ መሠረት፣ ከአንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ተውሼ ሞከርኩ። ኮከቦቹ ተጎትተው ጭረት ሆኑ። ወንድሜ ፎቶውን ደረቱ ላይ አስደግፎ ብዙ ካየ በኋላ፣ «ዝናብ ነው እንዴ፣ ወንድምዓለም?» አለኝ። አዎ አልኩት። ምን ልበለው?

ሦስተኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ። ወንድሜ ሐኪሙ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤት የመለሰው ሰው መሆኑን በርዎ ድረስ መጥቼ ስነግርዎት፣ ጉዳዩ በስብሰባ ይታያል አሉኝ። ስብሰባውም ሰው አልሞላም እየተባለ ሲተላለፍ ከረመ። ሞት ግን ምልዓተ ጉባኤ አይጠብቅምና ቀደመዎት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ለቅሶ ሊደርሱን ሲመጡ መቆሚያውን በዘበኛው አሸክመው፣ በተቀመጠው ሰው ሁሉ ፊት «ኮሚቴው ፈቅዶልሃል» ያሉኝን አልረሳውም። እኔም ተነሥቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ያክብርልኝ አልኩዎት።

ውለታዎን ወደ መቃብር ይዤው የምወርድ፣ እጅ ነሺ ጎረቤትዎ፣
የላይኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መቆሚያውን ባስነሡበት ሥፍራ ሰሞኑን ያስቀመጡት የግል የውሃ ታንከርዎ፣ ሲሞላ የመቆሚያዬን ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ጣሪያውን ቢሰነጥቀውም ግን አይጨነቁ። ከሥሩ ያለው የወንድሜ ክፍል ነው፤ ማንም አይተኛበትም።