ጅቡቲ የበላሁት ዓሣ

ወንድሜ ኡበይደላ፣

ጅቡቲም ምግብ ቤት የምመርጠው እንደ ከተማችን እንደ መርሳ ነው፤ ሹፌሮች የሚበሉበት እገባለሁ። በዚሁ ዘዴ አንድ የየመኖች ቤት አገኘሁ። ዓሣ አጠባበሳቸው እንከን አይወጣለትም። አስተናጋጇ ዙልፋ ከመርሳ አጠገብ የግራና ከተማ ልጅ ናት፤ አወቀችኝ። ስለ አገር ስጠይቃት «መጀመሪያ ይብሉ ጋሼ» እያለች ዳቦ ትጨምርልኛለች። በልቼ ስጨርስ፣ እጄን እያስታጠበችኝ፣ «ወንድምዎ አብዱልሐሊም በጦርነቱ መርሳ በተያዘች ጊዜ ተገድለዋል፤ አላህ ይዘንላቸው» አለችኝ። 

አንተ ተቋርጦ የነበረው ስልክ እንደተከፈተ «ሁሉም ደህና ነው» አላልከኝም? መርዶ ለመንገደኛ አይነገርም ብለህ ይሆናል። ዓሣ ቤት ተቀምጬ ከምሰማው አንተ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ባለቤትህን ናጅዋንና ልጆቹን ሰላም በልልኝ። ስመጣ ጎህ ሲቀድ ሰው ሰብስበህ በር እንዳታንኳኳ፤ መቃብሩን ብቻ አሳየኝ።

ጁነይድ