ሦስተኛው ወንበር

ላስ ቬጋስ፣ ሰኞ ሚያዝያ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ያፌትዬ፣

በዚህ ስም ከጠራሁህ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ደህና ነህ? እናትህስ ደህና ናቸው? ይህን ደብዳቤ ጓደኛዬ ዕንቁ በእጅህ ትሰጥሃለች፤ ነገ ትበራለች፣ ሐሙስ ታገኝሃለች። ስልክ ላይ ብጽፈው ሌላ ሰው ያነበዋል ብዬ ፈራሁ። ባለትዳርና የልጆች አባት መሆንህን ሰምቻለሁ። እባክህ ብቻህን ሆነህ አንብበው።

እኔ አሁንም እዚያው ካዚኖ ነኝ፤ የሠራተኞች ዩኒፎርም እጠግናለሁ። የምሥራቅ ላስ ቬጋሱን ቤታችንን ለቅቄ ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ሰፈር ከገባሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ይህን ሁሉ የማወራው ዋናውን ነገር መጀመር ስላቃተኝ ነው።

የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ሀገሪቱን ወክሎ ለዓለም የልጆች የዘፈን ውድድር የሚሄደውን ልጅ ለመምረጥ የመጀመሪያውን ዙር ስትዳኙ፣ ከውጭ በቪዲዮ ከቀረቡት አንዷ ከላስ ቬጋስ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ስለ ዝናብ ዘፈነች። አንተ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበርክ። ሁለቱ ዳኞች በአማርኛዋ ሲሳሳቁ አንተ አልሳቅህም። «ግራ እጇን አያችሁት? ስትዘፍን ፒያኖ የምትመታ ትመስላለች» አልክ። ከሁሉም የበለጠ ነጥብ የሰጠሃትም አንተ ነህ።

ያ ግራ እጅ ያንተ ነው፣ ያፌት።

ኤርፖርት ስሸኝህ የሁለት ወር እርጉዝ ነበርኩ። አውቅ ነበር። ፒያኖዬን ትቼ የሰው መኪና ፓርክ እያደረግሁ ጣቶቼ ደረቁ ስትል ነበር የከረምከው፤ ብነግርህ እንደምትቀር ስለማውቅ ዝም አልኩ። ይህን ለደግነት ቆጥሬው ኖሬአለሁ። ደግነት አልነበረም። ነይ ሀገር ቤት እንመለስ ስትለኝ እንቢ ያልኩት እኔ ሆኜ ሳለ፣ ጥለኸኝ የሄድክ አድርጌ ተቀየምኩህ። ስልኬን ቀየርኩ። የፍቺውን ወረቀት በፖስታ ስትልክልኝ ፈርሜ መለስኩ፤ ያኔም ትንፍሽ አላልኩም። ሆስፒታል ለልጅቷ የቤተሰብ ስም ሲጠይቁኝ የአባቴን ስም ሰጠሁ። ለዚህ ነው ዝርዝራችሁ ላይ ሄራን ኪዳኔ የሆነችው። ኪዳኔ የሚባል ሰው ስንት አለ፤ ባትጠረጥር አልፈርድብህም።

ከዚህ የሚብሰውን ልንገርህ። ለእሷ፣ አባትሽ ያውቅሻል፣ ሥራ በዝቶበት ነው እያልኩ ነው ያሳደግኋት። በየልደቷ ጫማ እገዛና አባትሽ ላከልሽ እላለሁ። ፎቶህ አልጋዋ አጠገብ ነበር። የዳኞቹን ስም ኢንተርኔት ላይ ያገኘችው ራሷ ናት። የተመረጠው ልጅ ከዳኞቹ ጋር አሥር ቀን እንደሚጓዝ ያነበበችውም እሷው ናት። «አሥር ቀን፣ እማ» አለችኝ፣ ሁለቱን እጆቿን ዘርግታ። መመዝገቢያው ላይ ከዳኞች ጋር ዝምድና የላትም የሚል ነበር። ፈረምኩበት። ታሸንፍና ትገናኛላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዚአብሔር ያውቃል ብዬ።

ታዲያ አንተ ፈገግ ብለህ «ጎበዝ። የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አልካት።

እንደ ልማዳችን፣ ማንኛውም ልጅ እንደሚጠየቀው እንደጠየቅካት ይገባኛል። እዚህ ግን ልጅን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሄራን ዓይን ዓይንህን አየችህ። ከዚያ «የማሚ» አለች። አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበላት። አንተም አጨበጨብክ።

ላፕቶፑን ቀስ ብላ ዘጋችው። «ያውቀኛል ብለሽኛል» አለች።

ሰው ፊት ስለሆነ ነው አልኳት። አየህ፣ እዚያም ላይ ዋሸሁ።

«ኖ፣ እማ። በእኔ ሼም ይዞት ነው።»

ይኸው ዘጠኝ ቀን ፎቶህ መሳቢያ ውስጥ ነው። ስትለማመድ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር አስተማሪዋ ጽጌወይን ጉሮሮዋን ሐኪም ይየው አለችኝ። ጉሮሮዋ ምንም አልሆነም። ትናንት ይቅርብሽ፣ ከውድድሩ ላስወጣሽ ብላት «አይ፣ እዘፍናለሁ። ፈርታ ቀረች እንዳይለኝ» አለችኝ። እውነቱን ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ከእኔ ሌላ ሰው የላትም። እኔንም ካጣችኝ ምን ይቀራታል?

ደንባችሁን አትሜ፣ ዩኒፎርም የምጠግንበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ቃል በቃል አንብቤዋለሁ። ዳኛ የሥጋ ዘመዱ ከተወዳደረ ከወንበሩ ይነሳል፤ ቀደም ሲል የሰጠው ነጥብም ይሰረዛል። ያንተ ነጥብ ከተሰረዘ ሄራን የመጨረሻ ናት። አሥሩ ቀን ቀረ ማለት ነው። ቤትህ ውስጥና ሥራህ ላይ የሚያመጣብህንም አላጣሁትም። ቢሆንም ተነሳላት፣ ያፌት። ስሟን ባትጠራም ግድ የለም። ብቻ ተነሳ።

ቅዳሜ የመጨረሻውን ዙር ስትጀምሩ እዚህ ጠዋት ነው፤ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሦስተኛው ወንበር ባዶ ከሆነ ጣቴን እዚያ ላይ አድርጌ፣ አየሽ፣ ልጄ ናት ብሎ ነው የተነሳው እላታለሁ። ከዚያ የእኔን ጥፋት አንድ ሳላስቀር እነግራታለሁ፤ የፈለገችውን ትበለኝ።

ተቀምጠህ ካየሁህ ግን፣ ዕንቁ ሻንጣዋ ጠፍቶባት ደብዳቤው አልደረሰውም እላታለሁ። መዋሸቱን ለምጄዋለሁ።

እነዚያን እጆችህን ፈጣሪ ይጠብቅልህ። ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ሁሉንም።

አርያም ኪዳኔ

ይህን ስጽፍ ሄራን ከፊት ለፊቴ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ለማን ነው አለችኝ፤ ለአባትሽ አልኳት። መጻፏን ቀጠለች። ከዚያ ቀና ሳትል «ጫማዬ አሁን ሰባት ቁጥር ነው በይው» አለችኝ።