ሞተሬ የሚያድርበት ቤት

ውድ አባዬ፣

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። በስልክ ብነግርህ ታቋርጠኛለህ፣ ትቀልዳለህ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ነገሩም ሳይነገር ይቀራል። ሦስት ጊዜ ሞክሬ እንደዚያ ሆኖብኛል። እባክህ ዛሬ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

በመስከረም ከገጠራችን ከትሬጋሮን ወደ በርሚንግሃም ከተማ ልሄድ ዕቃዬን ስሸክፍ፣ የሞተሬን ኢንሹራንስ አድራሻ ልቀይር ብዬ ነበር። የአዲሱን ቤት የፖስታ ቁጥር ሳስገባ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኖ መጣ። ያው ሞተር፣ ያው እኔ፣ ያው የለማጅ ምልክት! የተቀየረው ሞተሩ የሚያድርበት ሰፈር ብቻ ነው። አንተም ከኋላዬ ሆነህ አየህና "አብደዋል እንዴ! ተይው፣ እዚሁ እንዳለሽ ይቆጠር። እዚህ ሞተር የሚሰርቅ ማን አለ? በጎቹ?" አልከኝ።

እኔም ተውኩት። ሞተሩ ከሌለ ሥራዬ የለም፤ አውቶቡስ ሳይጀምር ነው የምንከባከባቸውን አሮጊቶች በየቤታቸው ሄጄ ከአልጋ የማነሳቸው። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ዋጋው ብቻ አልነበረም። እማዬ ካረፈች ወዲህ በዚያ ቤት የቀረው የሁለታችን ስም ነው። የኔንም ይዤ መውጣት አልሆነልኝም።

አንተም እንደኔው እንደተሰማህ የገባኝ በኋላ ነው። በስሜ ፖስታ በመጣ ቁጥር ትደውላለህ።

"ላውሪ፣ ደብዳቤ መጥቶልሻል።"

"ክፈተዋ አባዬ።"

"የሰው ደብዳቤ አልከፍትም! ስትመጪ ታነቢዋለሽ።"

ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ውሻችን የኋላ እግር፣ እራት በልቼ እንደሆነ ትጠይቀኛለህ። አንድ ቀን የመጣው የምንጣፍ ማስታወቂያ ነበር፤ እሱንም ደውለህ ነገርከኝ። አንተ ሰውዬ! ያን ቀን ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ባለፈው ማክሰኞ የሆነውን ግን ደብቄሃለሁ። አትደንግጥ፣ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴ ትንሽ ተላጠ እንጂ። ከአንዷ አሮጊት ቤት ወደ ሌላዋ ስሄድ፣ ዳር የቆመ መኪና ድንገት ወጣና የፊት ጎማዬን መታኝ። ሹፌሩ ሽማግሌ ናቸው። "ጥፋቱ የኔ ነው የኔ ልጅ፣ አላየሁሽም" እያሉ ለኢንሹራንሱ ስምና አድራሻዬን ሊጽፉ ብዕር አወጡ። ስሜን ነገርኳቸው።

"ቤትሽስ የት ነው?"

አባዬ፣ የዚህን ብናገር ከኢንሹራንሱ ጋር አይገጥምም። ያንተን ብናገር ውሸት ነው። ዝም ስል ጊዜ "ውይ! ጭንቅላትሽን ተመታሽ እንዴ? አምቡላንስ ልጥራ?" ብለው ደነገጡ። የሃያ ዓመት ሰው ቤቱ የት እንደሆነ ተጠይቆ መልስ ያጣል? አፈርኩ። የዚህን ነገርኳቸው።

ወዲያው ኢንሹራንሱ ጋ ደውዬ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ አልተቆጣችኝም። "ጥፋቱ ያንቺ ቢሆን ኖሮ ግን የጉዳቱን ወጪ ካንቺ ልንጠይቅ እንችል ነበር" አለችኝ። "ብዙ ልጆች የእናት አባታቸውን ቤት አድራሻ እንደያዙ ይቀራሉ። ክፋት የሌለበት ይመስላቸዋል።" አዲሱን ዋጋ ስትነግረኝ ቁጭ አልኩ። አከራዬ የጓሮውን በር ቁልፍ ሰጥታኝ ሞተሩ ግቢ እንዲያድር ፈቀደች፤ በዚያ ትንሽ ተቀነሰልኝ። የቀረውን ቅዳሜም እየሠራሁ በየወሩ እከፍላለሁ። ገንዘብ ልላክ እንዳትለኝ፣ እጣላሃለሁ።

የከበደኝ ሌላ ነው። የኢንሹራንሷ ሴትዮ "የቀድሞውን አድራሻ ላጥፋው?" ስትለኝ ኮሪደሩ ላይ ፖስታውን ይዘህ መነጽርህን ስትፈልግ ታየኸኝ። "አጥፊው" አልኳት፤ ልቤ ግን እሺ አላለም።

ይኸው ነገርኩህ። እኔ ከቤትህ አልወጣሁም አባዬ፤ የወጣው ሞተሩ ነው። ከእንግዲህ በስሜ ፖስታ ስለማይመጣ ያለ ምክንያት ደውልልኝ፣ አነሳለሁ። ፖስተኛው ደግሞ በራችንን እንዳይረሳ እኔ በየሳምንቱ እጽፋለሁ። እነዚህ ደብዳቤዎች ያንተ ስም ያለባቸው ናቸው፤ እኔ እስክመጣ ሳትጠብቅ ክፈታቸው።

ልጅህ ላውሪ
(አድራሻዬ ከፖስታው ጀርባ አለ፤ የእውነቱ)